የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ሰዓት

ጭሮ ውስጥ ለሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ትልቁ ፈተና መብራት ነው የሚሉ አሉ። መብራትስ ሲሄድ ያስታውቃል። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ተነሥተህ ሻይ ትጠጣለህ፣ እስኪመጣ ትራገማለህ። እኔን የጎዳኝ ሁሉ ነገር በደህና እየሠራ «ተጠናቀቀ» ብሎ የዋሸኝ ነገር ነው። ዋሸኝ ማለቴም ድፍረት ነው። ማሽን አይዋሽም፤ እኔ ያልጠየቅኩትን አልነገረኝም እንጂ።

በዞናችን ካሉት መሥሪያ ቤቶች ለአንዱ አፕ እሠራ ነበር። በየገጠሩ ጤና ኬላ የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በስልካቸው የሚይዙት አፕ ነው። ነፍሰ ጡሮችን ይመዘግባል፣ የቀጠሮ ቀን ያስታውሳል፤ ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቀይ ቁልፍ አለው። ምጥ ሲከፋ ሠራተኛዋ እሱን ትነካለች፤ ስልኩ በቀጥታ ለአካባቢው አምቡላንስ ሹፌር ይደውላል። ቁጥር መፈለግ የለ፣ ደብተር ማገላበጥ የለ። እጅ በደም ተነክሮ ቁጥር መምታት እንደማይሆን አንዲት አዋላጅ ነግራኝ ነው ያን ቁልፍ ያሰብኩት። ኮርቼበትም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

አፑን የምጽፈው ቤቴ፣ ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፔ ላይ ነው። ስልክ ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፋይል ግን የግድ ከቢሮው የዊንዶውስ ኮምፒውተር መውጣት ነበረበት። ምክንያቱ ማኅተም ነው። አፑ ከትክክለኛው ባለቤት መምጣቱን ስልኩ የሚያረጋግጥበት አንድ የሚስጥር ፋይል አለ። ይህን ለኃላፊው ሳስረዳ «እንደ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ማለት ነው» አልኳቸው፤ እስኪቆጨኝ ድረስ ገባቸው። ማኅተም ከመዝገብ ቤት አይወጣም አሉ። ፋይሉ መዝገብ ቤት ካለው ኮምፒውተር ገብቶ፣ ከክቡ ማኅተምና ከቀለሙ ጋር በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ኃላፊነት ተቀመጠ። አዲስ አፕ ባወጣሁ ቁጥር ፍላሼን ይዤ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ደብዳቤ እንደሚያስመታ ባለጉዳይ ወረፋ ያስጠብቁኛል።

ሁለቱን ማሽኖች ማስማማት የባልና ሚስት ሽምግልና ሆነብኝ። የፋይል አድራሻ ሲጻፍ አንዱ ጭረቱን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያጋድላል። የመስመርን መጨረሻ አንዱ በአንድ ምልክት፣ ሌላው በሁለት ይዘጋል። እኔ ቤት የሚሠራው ትእዛዝ ቢሮ ሲደርስ አይታወቅም። በሁለቱም ላይ እኩል የሚሠራ መሣሪያ እስክጽፍ ወራት ፈጀብኝ። መብራት ሳይሄድ ቶሎ እንዲጨርስ ብዬም ሁሉንም ነገር በየጊዜው ከዜሮ እንዳይጀምር አደረግኩት። መሣሪያው የእያንዳንዱን ፋይል ሰዓት ያያል፤ ካለፈው ሥራ በኋላ የተነካውን ብቻ እንደገና ይሠራል፤ ያልተነካውን ያልፈዋል። የትም አገር የተለመደ አሠራር ነው።

የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ግን በሐበሻ ሰዓት ነበር የሚሄደው። አንድ ጊዜ ሠራተኛዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለሚደረግ ስብሰባ ጥሪ ሲጽፉ፣ ስክሪኑ ላይ እንዳዩት 9፡00 ብለው ጻፉ። የተጠራው ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተንጠባጥቦ መጣ። ኃላፊው ሰው ፊት ተቆጧቸው። ሴትዮዋም በዚያው ቀን የኮምፒውተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው አረፉ። እኔም አይቼዋለሁ፤ ስቄም ነበር። የግድግዳውም፣ የእጄም ሰዓት የሚቆጥረው እንደዚያው ነው። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት የሚል ሰዓት አይቶ ተሳስቷል አይልም።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ሥራዬን ጨርሼ፣ ሁሉንም በፍላሽ ይዤ ቢሮ ሄድኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ኃላፊው ጠሩኝ። የመቻራ በኩል አምቡላንስ ሹፌር ሥራ ለቆ ሄዷል፤ ተተኪው ይኸው አሉና ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። በማግስቱ የጤና ኬላ ሠራተኞቹ ለወርሃዊ ስብሰባ መቻራ ይገባሉ። ኢንተርኔት የሌላቸው ቀበሌዎች ስለሚበዙ አፑን ስልካቸው ላይ የምጭነው እኔው በአካል ነኝ፤ ያ ቀን ካመለጠ ለሌላ ወር ይቆያል። የሚወስደኝ መኪና ደጅ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። መዝገብ ቤት ገብቼ አሮጌውን ቁጥር አጠፋሁ፣ አዲሱን ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ። መሣሪያውን አስነሣሁ። «ተጠናቀቀ» አለ። ስልኬ ላይ ጭኜ ከፈትኩት፤ የአፑ ተራ ቁጥር በአንድ ጨምሯል። ቀዩን ቁልፍ አልነካሁትም። የቀድሞው ሹፌር በሙከራ ጥሪዎቼ ተማርሮ ለኃላፊው ከሶኝ ስለነበር፣ አዲሱን ገና በመጀመሪያ ቀኑ ማስቀየም አልፈለግኩም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ኋላ የገባኝን እዚሁ ልናገር። ማለዳ ላፕቶፔ ላይ የተሠራው የስልክ ዝርዝር የያዘው ሰዓት ዓለም እንደሚቆጥረው 7፡30 ነው። አዲሱን ቁጥር የጻፍኩበት ፋይል ደግሞ የመዝገብ ቤቱን ሰዓት፣ 4፡00ን ያዘ። መሣሪያው ሁለቱን አስተያየ። የእኔ እርማት ከአሮጌው ዝርዝር በፊት የተጻፈ መሰለውና አልፎት ሄደ። የአፑን ተራ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ከፍ ያደርጋል፤ እሱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

መቻራ ላይ የሁሉንም ስልክ እየተቀበልኩ ጫንኩ። ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ከከተማው ወዲያ መኪና በማይገባበት ቀበሌ የተመደበች ልጅ፣ የአዲሱን ሹፌር ቁጥር በወረቀት ላይ ልጻፈው አለችኝ። አያስፈልግሽም፣ ውስጡ ገብቷል፣ አንቺ ቁልፉን ብቻ ንኪ አልኳት። እስክሪብቶዋን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሆነውን የሰማሁት ከእሷው አፍ፣ በኮሚቴ ፊት ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ የቀበሌው ሞተር ብስክሌት ሁሉ ከተማ ወርዷል። አንዲት እናት ወልዳ ደሙ አልቆም አለ። ልጅቷ ቁልፉን ነካች፤ ስልኩ ጠፍቷል የሚል መልስ መጣ። ኔትወርክ ነው ብላ ጉብታው ላይ ወጥታ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ሴቶችና ሽማግሌዎች ወላዷን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መንገዱ አወረዷት። ቡና የጫነ አይሱዙ አገኙና ጆንያው ላይ አስተኟት። መቻራ ሳይደርሱ ሞተች። ሕፃኗ ተርፋለች።

ኮሚቴው ጭሮ ላይ ሲቀመጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አራተኛ እኔን በባለሙያነት ጠሩኝ። አዲሱ ሹፌር አንድም ጥሪ አልደረሰኝም አለ፤ እውነቱን ነው። ልጅቷ ደውያለሁ አለች። ስልኳን አስከፍተው ሲያዩ የተደወለው በአሮጌው ሹፌር ቁጥር ነው። የድሮው ቁጥር ስልኳ ላይ በስሙ ተመዝግቦም ተገኘ። እሷ ቁልፉን ነው የነካሁት ትላለች፤ እነሱ ደንግጠሽ ከራስሽ ማውጫ ነው የደወልሽው ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አዲሱ አፕ ውስጥ ያለው ቁጥር የትኛው ነው?

«አዲሱ ነው» አልኩ። «እኔ ራሴ ነኝ የቀየርኩት።»

ልጅቷ አየችኝ። የንዴት አስተያየት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ራሷን የምትጠራጠር ሰው አስተያየት ነበር። ከአራታችን አንዳችን እንኳ እጃችንን ዘርግተን ያን ቁልፍ ነክተን አላየንም። አሁን ሳስበው ያሳብደኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ዋልን፤ ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጦ ነበር። በሳምንቱ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ በቸልተኝነት ከሥራ ተሰናብተሻል የሚል።

የቀድሞውን ሹፌር መናኸሪያ አጠገብ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ዕቃውን ሊያስጭን ከሄደበት ቆላ ተመልሶ ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ ወቀሳ ጀመረ። ምነው አቦ፣ ለቅቄያለሁ ብያችሁ የለም ወይ አለ፤ ኔትወርክ ያለበት ስደርስና ስልኬን ስከፍት ያመለጠኝ ጥሪ መልእክት ይዘንብብኛል አለ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የልጅቷ ቁጥር፣ በዚያች ቀን፣ ተደራርቦ ተደራርቦ ሰፍሯል። ከሥሩ ግን የሌሎች ሁለት ጤና ኬላዎች ቁጥሮች ነበሩ። ሦስት ሴቶች፣ በሦስት ቀበሌ፣ በተለያየ ቀን፣ ሁሉም ደንግጠው አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳቱም። እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ቀዩን ቁልፍ ነካሁ። በእጁ የያዘው ስልክ ጮኸ።

«አንተም ጀመርክ?» ብሎ ሳቀ።

ምን ብዬ እንደተለየሁት አላስታውስም። ቢሮ ደርሼ የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር ከፍቼ የሁለቱን ፋይሎች ሰዓት ጎን ለጎን አየሁ። ከዚያ እናቴን በምታህል ሴት ላይ ጮኽኩ። ይህን ሰዓት ማን ንኩ አለዎት ብዬ ጮኽኩባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ልጄ፣ ምን ሆነሃል፣ ሰዓቱ እኮ ልክ ነው አሉኝና የግድግዳውን አሳዩኝ። እውነትም ከግድግዳው ጋር በደቂቃ አይለያይም። አፈርኩ። የሰዓቱን ነገር በዓይኔ አይቼ ስቄ ያለፍኩ እኔ፣ መሣሪያዬ ሰዓት አምኖ እንደሚሠራ የማውቀው እኔ፤ እሳቸው ምን አጠፉ? ሌላ አገር ለሚሠራ ኮምፒውተር የሚበቃ ጥንቃቄ አድርጌ፣ የራሴን አገር ሰዓት ረሳሁ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን መጻፍ ይከብደኛል። በዚያው ቀን መሣሪያው ሰዓት ሳይሆን የፋይሉን ይዘት እንዲያይ አስተካከልኩት። አፑን ከዜሮ ሠራሁ፣ ቁልፉን ነካሁ፣ አዲሱ ሹፌር አነሣ። ከዚያ ባገኘሁት መኪና ሁሉ ከቀበሌ ቀበሌ ዞሬ ጫንኩ፤ በእግሬም የሄድኩበት አለ። ምን ተሻሻለ ብለው ሲጠይቁኝ ፍጥነቱ አልኩ። ለሦስት ሳምንት ይህን ቃል ተናግሬ አደርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ቢሆንም ደበቅኩ። ፈራሁ። ስሜን ፈራሁ፣ እንጀራዬን ፈራሁ፣ ከሁሉም በላይ ያቺ ልጅ ኮሚቴው ፊት እንዳየችኝ ደግማ እንዳታየኝ ፈራሁ።

በመጨረሻ ኃላፊው ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰምተውኝ ሲጨርሱ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ይህን ለማን ተናግረሃል?»

«ለማንም።»

«አሁን ቁልፉ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

መዝገቡ ተዘግቷል አሉ። አሁን ብንከፍተው አፑን ያስቆሙታል፤ ቢቆም ነገ የምትወልደው ሴት በምን ትደውላለች ብለው ጠየቁኝ። ስለ ልጅቷ ሳነሣ፣ ሌላ ቦታ ሥራ እንፈልግላታለን፣ ጊዜ ስጠው አሉ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ነገር ከተዘጋበት ነው የሚያዘው። ወጥቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በደብዳቤ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ገቢ ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተም መቱበት፣ ፋይል ውስጥ አስገቡት። መልስ አልመጣም።

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። በገለምሶ አድርጌ መቻራ ገባሁ፤ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። መንገዱን የሚያሳየኝ ሰው ስጠይቅ፣ ያቺ የተባረረችውን ነው ወይ ይሉኛል። አባቷ ቤት አገኘኋት፤ ግቢው ውስጥ ቡና ታሰጣለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ሌላ ክስ ይዤ የመጣሁ መስሏት መሆን አለበት። ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከሰዓቱ ጀምሬ እስከ ደብዳቤው ነገርኳት። ስጨርስ እጇ ላይ የተጣበቀውን የቡና ገለፈት ላጠች።

«ታዲያ እኔ ቁልፉን ነክቼ ነበር?» አለች።

«ነክተሻል።»

«እርግጠኛ ነህ ወንድሜ? እኔ እኮ እንዳልነካሁት አምኜያለሁ።»

ያኔ ነው የሠራሁት በደል ልኩ የገባኝ። ኮሚቴው ደጋግሞ ሲጠይቃት፣ እኔ ቁጥሩ አዲሱ ነው ስል፣ ደብዳቤው ሲመጣ፣ ቀስ በቀስ የራሷን እጅ መጠርጠር ጀመረች። በእንቅልፍ እጦት ብዛት ከማውጫው ስትደውል ራሷን ማየት ጀመረች። በመጨረሻ አመነችና ጃርሳ ይዛ፣ ማለትም ሽማግሌዎች አስከትላ፣ የሟቿ ወላጅ እናት ቤት ሄደች። ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። አሮጊቷም አፉ ብለዋታል። ያላደረገችውን ጥፋት ተናዝዛ ይቅር ተብላለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየሄደች ሕፃኗን ታጥባለች፣ ወተት ታጠጣለች፤ ማንም አላዘዛትም።

አሮጊቷም ዘንድ ውሰጂኝ አልኳት። ይቅርብህ አለች። አልቀረሁም፤ ምናልባት መቅረት ነበረብኝ። አሮጊቷ ከደጃቸው መደብ ላይ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ደህናነታቸውን ጠየቅኩ፤ ማን እንደሆንኩ ነገርኩ። ኮምፒውተርና ሰዓት ማስረዳት ጀምሬ ተውኩት፤ ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? ስልኩ ወደ ተሳሳተ ሰው እንዲደውል ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኩ። ይህች ልጅ ምንም አላጠፋችም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ ይበሉኝ አልኩ።

ልጅቷን አዩ፤ እኔን አዩ። እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ለእሷ ይሁን ለሞተችው አላውቅም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ጭንቅላት ዳበሱና እሷኑ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው አልጠነከረም፤ ቁጣም አልነበረበትም።

«ልጄ፣ የነበረኝን ይቅርታ ለእሷ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «ወር ሙሉ ከልቤ ስቆፍር ነው ያገኘሁት። ሌላ የለኝም።»

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷ ከአሮጊቷ እጅ ተቀበለቻትና፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ፣ ልታጥባት ውሃ ወዳለበት ወሰደቻት።